አረንጓዴው ቀለበት

ሐሙስ ጠዋት፣ ከሻይ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የግሌኒስ ትራንዚስተሮች ለሁለተኛ ጊዜ ፈነዱ። ጠብመንጃ የተተኮሰ ነበር የሚመስለው። ጡረተኞች እየተሰበሰቡ የእጅ ሥራ በሚሠሩበት በአውስትራሊያዋ ቡራንጋ የወንዶች ሼድ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀበሩ፤ የመርቪን ውሻ ከጠረጴዛ ሥር ተስፈንጥራ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ እስከ አጥሩ ሮጠች። ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ከሽታው ኋላ የክላሪ ድምፅ ተከተለ።

«ስንት ሰው ሞተ?»

«ሁለት» አለች ግሌኒስ ከጭሱ መሀል። «አይዞህ፣ ያንተ ዘመዶች አይደሉም።»

ሳቁባት። እሷም ሳቀች፤ የእሷ ግን የጥርስ ሳቅ ነበር። ሣጥኗ ውስጥ የቀሩት ትራንዚስተሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሌላ ቢታዘዝ ከሜልበርን በፖስታ እስኪደርስ ሳምንት ይፈጃል። እሷ ያላት ጊዜ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።

ግሌኒስ ትሬጌንዛ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የገበሬዎችን የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር ስትፈታና መልሳ ስትጠመጥም የኖረች ሴት ናት፤ በዊሜራ ሜዳ ላይ ጣቷ ያልነካው ፓምፕ ካለ ገና ከፋብሪካ ያልወጣ ነው። ጡረታ ስትወጣ ግን ቤት መዋል አልሆነላትም። ሦስት ወር ቤቷን አጸዳች፣ አንድ ወር ከጎረቤት ድመት ጋር ተጣላች፣ ከዚያ ወደ ሼዱ ሄዳ በሩን አንኳኳች። በሩ ላይ «የወንዶች» ይላል። እሷም ማንበብ ትችላለች። ገባች።

ሽማግሌዎቹ በአምስት ለአራት ድምፅ ለሦስት ወር ሙከራ ተቀበሏት፤ አንድ ጥግም ሰጧት። የወጥ ቤት ጠረጴዛዋንና አንድ በርጩማ ከቤቷ አምጥታ ዘረጋች። ሊቀመንበሩ ክላሪ ከአራቱ አንዱ ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከአንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት በስጦታ ያገኘው ትልቅ ቶርኖ፣ የእንጨት መቅረጫ ማሽን፣ ያንኑ ጥግ እየጠበቀ ውጭ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ለቶርኖው ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ስምምነቱ አጭር ሆነ። ቅዳሜ በገበሬዎች ትርኢት ቀን ሼዱ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን የግሌኒስ ቴስላ ኮይል ብልጭታ ከወረወረ ጥጉም አባልነቱም የእሷ ይሆናል። ካልወረወረ ጠረጴዛው ወደ ቤቱ፣ ግሌኒስም ከጠረጴዛው ጋር።

ቴስላ ኮይል ማለት በአጭሩ መብረቅን፣ እንደ ዶሮ፣ ቤት ውስጥ ማርባት ነው። ወገብ የሚደርስ ቧንቧ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይጠመጠማል፤ አናቱ ላይ የአሉሚኒየም ጉልላት ይደፋል፤ እግሩ ሥር ወፍራም ሽቦ ጥቂት ጊዜ ይዞራል። ግሌኒስ ቀጭኑን ሽቦ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ጊዜ ጠምጥማው አንዱ ዙር በሌላው ላይ አልወጣም። ወንዶቹ እንኳ እንከን ሳያወጡለት በጣታቸው ዳብሰውት አልፈዋል። ያስቸገራት ጥቅሉ ሳይሆን ነጂው ነው፤ ማለትም ሁለቱ ትራንዚስተሮች ያሉበት፣ ኃይሉን በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ወደ ጥቅሉ የሚነዳው ሣጥን። ይህ የእሷ ሙያ አይደለም። ከመጽሐፍ ነው የተማረችው፤ በመጽሐፍ ላይ ደግሞ ምንም ነገር አይፈነዳም።

ጭሱ ሲጠራ ስታቭሮስ እያዘገመ መጣ። ስታቭሮስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከግሪክ መጥቶ አርባ ዓመት ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ ዓይኑ ደክሟል፣ ምላሱ ግን አልደከመም።

«አምፖሉ የት አለ?» አለ።

«የምን አምፖል?»

«ኃይሉ ከመግባቱ በፊት በመንገዱ ላይ የሚቀመጥ የመቶ ዋት አምፖል! ስህተት ካለ አምፖሉ ይበራል፤ ትራንዚስተሩ አይሞትም። ይህን የማያውቅ ሰው ከርችት ሌላ ምን ይሠራል? ባለፈው ሳምንት ሲፈነዳብሽስ ለምን አልጠራሽኝም? እኔ ዓይኔ ነው የጠፋው፣ ሞቻለሁ እንዴ?»

«እልኸኛ ስለሆንኩ ነዋ።»

«እሱን እንኳ በደከመ ዓይኔም አየዋለሁ።»

እውነቱን ነበር። ግሌኒስ በዕድሜዋ ሙሉ ለወንድ ሠራተኛ «አላውቅም» ብላ አታውቅም፤ አንዴ ካለች በቀረው ዘመኗ ሁሉ ሻይ አፍሊ እንደምትሆን ታውቃለች። አሁን ግን ሁለት ትራንዚስተር ብቻ ቀርቷታል።

«እሺ» አለች። «አላውቅም። አስተምረኝ።»

ስታቭሮስ ከእሱ ራሱ የሚከብደውን ኦሲሎስኮፕ፣ የኤሌክትሪክን ሞገድ በመስኮቱ ላይ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ በጋሪ አስጎትቶ አመጣ። ትልቁን ኃይል ነቅለው ትንሹን የባትሪ ኃይል ብቻ ለቀቁ። ትራንዚስተሮቹን የሚያዛቸው ሞገድ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ እንደ ሣጥን ያለ ካሬ መሆን ነበረበት። መስኮቱ ላይ የመጣው ግን ሲወጣ የሚያነክስ፣ ሲወርድ የሚንሸራተት የተንጋደደ ጉብታ ነው።

ስታቭሮስ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠግቶ አየና አለቀሰ ማለት ይቻላል። «ይሄ ምንድነው? የሻርክ ዓሣ ክንፍ ነው እንዴ?»

ግሌኒስ ነገሩ ወዲያው ገባት። በጎችን በጠባብ በር ስታሳልፍ በሩ ወይ ሙሉ ይከፈታል ወይ ሙሉ ይዘጋል። ግማሽ ከፍተህ ከተውከው በጎቹ ተጨናንቀው በሩን ገንጥለው ይሄዳሉ። የእሷ ትራንዚስተሮችም ግማሽ ተከፍተው ቆመው ነው የተቃጠሉት። ያጠፉት ጥፋት የለም፤ ትእዛዙ ነው የተልፈሰፈሰው።

ትእዛዙን ማን አልፈሰፈሰው? ሐሙስን ሙሉ ያን ፈለጉ። ሞገዱን የሚሠራውን ቺፕ ቀየሩ፤ ያው ነው። ሽቦዎቹን አሳጠሩ፤ ያው ነው። ስታቭሮስ ከመኪናው አዲስ ባትሪ ፈትቶ አመጣ፤ መኪናው ስለማይነሳ ማታ ሚስቱ መጥታ እሱን ወሰደችው እንጂ ሻርኩ ንቅንቅ አላለም። ክላሪ በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር የመለኪያ ሜትሩን እየዘረጋ የጥጉን ስፋት ይለካል። ሦስተኛ ጊዜ ሲለካ ግሌኒስ «አይሰፋም እኮ» አለችው።

ዓርብ ጠዋት የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትእዛዙን ወደ ሁለቱ ትራንዚስተሮች የምታካፍለው ትንሿ ትራንስፎርመር። አውራ ጣት የምታክል ቀለበት ናት፤ ሦስት ሽቦ አብሮ ተጠምጥሞባታል።

«ቀለበቷስ?» አለ ስታቭሮስ።

«ቀለበቷ ደህና ናት። እኔ ነኝ የጠመጠምኳት።»

«ጥምጠማውን አላማሁም። ከምን እንደተሠራች ነው የጠየቅኩሽ። ፌራይት ናት ወይስ የብረት ዱቄት?»

«ፌራይት ናት እንጂ! እዚያ መደርደሪያ ላይ ካለው የቀለበት ማሰሮ ነው የወሰድኳት። አረንጓዴ ናት። ፋብሪካው የብረት ዱቄቱን ቢጫ፣ ፌራይቱን አረንጓዴ ነው የሚቀባው። መጽሐፉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አረንጓዴ ከሆነችማ...» አለና ስታቭሮስ እጁን ሰበሰበ። የብረት ዱቄት ለእንዲህ ያለ ፈጣን ትእዛዝ እንደማይሆን፣ ፌራይት የሚባለው እንደ ሸክላ የተተኮሰ ጥቁር ማዕድን ግን እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ። ሌላ የሚጠረጠር ነገር አልነበረም። ግሌኒስ ሻይዋን አነሳች።

እዚህ ላይ ስለ ቀለም መናገር ግድ ነው። በዚያ ሼድ ውስጥ መዶሻው አረንጓዴ ነው። መጋዙ፣ መጥረጊያው፣ የስኳሩ ቆርቆሮ፣ የሻይ ኩባያው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ከዓመታት በፊት የጎረቤት ከተማ ሼድ ሰዎች ድሪል ተውሰው «የኛ ነው» ብለው ካስቀሩ ወዲህ፣ መርቪን ከአንድ የእርሻ ጨረታ ባገኘው በርሜል ሙሉ የትራክተር ቀለም የሼዱን ንብረት ሁሉ ይቀባል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም፣ አይፈልግምም። ያልተቀባችው ውሻዋ ብቻ ናት፤ እሷም ጅራቷ ጫፍ ላይ ትንሽ አላት። የግሌኒስን ጠረጴዛና በርጩማ ግን ክላሪ «ድምፅ ሳይሰጥበት እንዳትነካ» ብሎት ነበር። ስለዚህ በዚያ ሁሉ አረንጓዴ መሀል የእሷ ጥግ ብቻ እንደ እንግዳ ሰው ዕቃ ራቁቱን ቆሟል። ይህ ነገር ያንገበግባት ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ።

እናም ሻይዋን እየጠጣች በአውራ ጣቷ የኩባያውን እጀታ ስትዳብስ አንዲት ጉብታ ነካች። ወርዶ ሳይጨርስ የደረቀ የቀለም ጠብታ ነው። ጣቷ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሽቦ የዳበሰ ጣት የነካውን አይረሳም፤ ይህችን የመሰለች ጠብታ ሰሞኑን ሌላ ቦታ ነክቷል።

ኩባያውን አስቀምጣ ቀለበቷን አነሳች። ከሽቦዎቹ ሥር፣ በአንድ ጎኗ፣ ጠብታዋ አለች። አጠገቧ ደግሞ ቀለሙ ውስጥ የተቀበረ አንድ የብሩሽ ፀጉር።

«ስታቭሮስ» አለች በቀስታ። «ፋብሪካ ቀለም ያንጠባጥባል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

በጥፍሯ ፋቀችው። አረንጓዴው ተልጦ ወጣ። ከሥሩ እንደ እንቁላል አስኳል ያማረ ቢጫ ብቅ አለ። ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡን ለቄስ!

«መርቪን!» ስትል የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ።

መርቪን ብሩሹን እንደያዘ መጣ።

«የቀለበቱን ማሰሮ ነክተኸዋል?»

«ቀለበቶቹን?» ፊቱ በራ። «በፋሲካ ሰሞን፣ አንቺ ሳትመጪ ነው የቀባኋቸው። በሽቦ አንጠልጥዬ፣ አንድ በአንድ፣ አርባ ሦስቱንም። እስከ ዛሬ ማንም ልብ ብሎ አላየልኝም። አያምሩም?»

ስታቭሮስ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ሲስቅ ትንፋሽ አጠረው። ክላሪ ሳይቀር ዞር ብሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ግሌኒስ ግን ወዲያው መሳቅ አልቻለችም። አራት ትራንዚስተር ገድላለች፤ ራሷን ደደብ ስትል ሦስት ሌሊት አድራለች፤ ጥፋቱ ግን የጭንቅላቷ ሳይሆን የበርሜሉ ነበር። እፎይታው ከቁጣው ቀድሞ ደረሰ። ሳቀች፤ ይኸኛው የሆድ ሳቅ ነበር።

መርቪን ነገሩ ሲገባው ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩብሽ?»

«አንተ ነህ። አሁን ቢላዋህን አውጣና ፋቅ። ካርባ ሦስቱ አንድ ፌራይት ፈልግልኝ።»

መርቪን ሲፋቅ ዋለ። የቀባውን ሁሉ መልሶ ፋቀ፤ ለእሱ ከዚህ የከበደ ንስሐ የለም። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ ከነነጩ፣ ቢጫ። ከሰዓት በኋላ ላይ ቢላዋው አንዷ ላይ ተንሸራተተ። ከአረንጓዴው ሥር ሌላ አረንጓዴ ነበር፤ ከዚያም ሥር ጥቁር፣ ጠንካራ፣ በጥፍር ሲመታ እንደ ሲኒ የሚጮህ ነገር። «ይቺ ድሮም አረንጓዴ ነበረች!» አለ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ አገኘ። በደስታ ብድግ ሲል የመጀመሪያይቱ ከጭኑ ላይ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ለሁለት ተሰበረች።

መርቪን የቀረችውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ቁርባን ተሸካሚ እየተራመደ አመጣላት።

ከዚያ በኋላ ያለው የግሌኒስ ሙያ ነው። ሦስት ሽቦ አብራ ገመደች፤ አሥራ አንድ ጊዜ ጠመጠመች፤ ጫፎቹን በየደች። የባትሪውን ኃይል ስትለቅ መስኮቱ ላይ ጠርዙ የሚቆርጥ፣ ግድግዳው የቆመ ካሬ ብቅ አለ። ስታቭሮስ መስታወቱን ሳመው። እሷም የመጨረሻዎቹን ሁለት ትራንዚስተሮች ቦታቸው አስገባች፤ ሌላ ስለሌላት ግን ከቅዳሜ በፊት ትልቁን ኃይል አልለቀቀችባቸውም።

ቅዳሜ ሼዱ ጢም ብሎ ሞላ። ከብት ያስመዘገበው፣ ኬክ ያስፈረደው፣ በዳቦ የተጠቀለለ ቋሊማ የያዘው ሁሉ ገባ። ክላሪ ሕዝቡን በገመድ ከለለ፤ ሊቀመንበር ነውና ሥራውን ያውቃል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ትልቁ የቆርቆሮ በር ተዘጋ፤ ውስጡ ጨለመ። አምፖሉ በመንገዱ ላይ ተቀምጧል።

ግሌኒስ ማብሪያውን ተጫነች።

ምንም። ጩኸትም፣ ብልጭታም፣ ጭስም የለም። የሆነ ሰው የቋሊማውን ሽንኩርት ሲያኝክ ይሰማል።

«ለሦስተኛ ጊዜ ከሸፈ መቼስ» አለ ክላሪ በጨለማው ውስጥ። የተናገረው ለማሽሟጠጥ አልነበረም፤ አዝኖላት ነበር፤ እሱ ነው የባሰባት።

«ነገር በሦስት ይጸናል፤ ዝም በል» አለው ስታቭሮስ።

ጣቶቿ ግን አሰቡላት። አምፖሉ አልበራም። ስለዚህ ምንም አልተቃጠለም፤ ትራንዚስተሮቹ በሕይወት አሉ። ነጂው ያዛል፣ ጥቅሉ ግን አይመልስለትም። ለምን? ትናንት ቀለበቷን እንደ አዲስ ስትጠመጥም የሽቦው መጀመሪያና መጨረሻ ተለዋውጦ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ነጂው ጥቅሉን እያገዘ ሳይሆን፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ ወደ እሱ ሲመጣ እንደሚገፋ ሰው፣ እያስቆመው ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሞተር ላይ መቶ ጊዜ ገጥሟታል፤ ሁለቱን ጫፍ መገልበጥ ነው።

ኃይሉን ነቀለች። «የእጅ ባትሪ አብሩልኝ» አለች። ያበራላት ክላሪ ነበር። የቀለበቷን ሁለት የሽቦ ጫፎች ፈትታ አንዱን በሌላው ቦታ አሰረች። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሰካችና ወደ ገመዱ ተመለሰች።

ተጫነች።

ከጉልላቱ ጫፍ ስንዝር የሚያህል ሐምራዊ ነገር እየጮኸ ወጣ። ሰው ሁሉ «ኦ!» አለ። ግሌኒስ አጠፋች፣ ነቀለች፣ አምፖሉን ከመንገዱ አወጣች፣ መልሳ ሰካች። አሁን ሙሉውን ኃይል ለቀቀችው። መብረቁ ክንድ አከለ፤ ተሰነጣጠቀ፤ አየሩን እየቀደደ በአራቱም ማዕዘን ተወረወረ። ከገመዱ ወዲህ ቆሞ መርቪን የያዘው አሮጌ የፍሎረሰንት መብራት ዘንግ፣ አንድም ሽቦ ሳይነካው፣ እጁ ላይ ቦግ ብሎ በራ። ውሻዋ ዳግመኛ ወደ አጥሩ ልትሮጥ ብትል በሩ ዝግ ነው።

ሕዝቡ ጮኸ። ግሌኒስ ደስ አላት፤ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት የሚያውቅ አይመስላትም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንዲደርቅ አልታገለችም። የጩኸቱን ውፍረትና ቅጥነት የሚለውጠውን ቁልፍ ያዘችና ቀስ እያለች አዞረችው፤ መብረቁ ወፍራም ድምፅ አወጣ፣ ከዚያ ቀጭን። ዜማውን ሦስት ሳምንት በሐሳቧ ስትለማመደው ነበር። የቡራንጋ እግር ኳስ ቡድን መዝሙር የመጀመሪያው መስመር፣ ትንሽ ከስልት የወጣ ቢሆንም፣ ከመብረቁ አፍ ወጣ። ሁለተኛውን መስመር ሕዝቡ ቋሊማውን እንደያዘ ተቀበላት። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የክላሪ ድምፅ ነበር።

በሩ ሲከፈት ክላሪ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የሼዱ አባላት፣ እጅ አውጡ።»

ዘጠኝ እጅ ወጣ። የመርቪን ሁለት ስለነበር አንዱን አስወረዱት፤ ስምንት ቀረ፤ ከዚያ ክላሪ የራሱን አወጣ፤ ዘጠኝ ሞላ።

«ቶርኖውስ?» አለ ከሕዝቡ አንዱ።

«ቶርኖው ይገባል» አለች ግሌኒስ። «ጠረጴዛዬን ግማሽ ሜትር ወደ መስኮቱ ብንገፋው ቦታው ይበቃል። በመጣሁ ቀን ነው የለካሁት።»

ክላሪ ወደ መስኮቱ ዞረና ቦታውን በዓይኑ ለካ። «ሦስት ወር ሙሉ አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ሳላሸንፍ ብነግርህ ማን ያምነኛል?»

ክላሪ እጁን ወደ መርቪን ዘረጋ። «ብሩሹን አምጣ።» የሚያመውን ጉልበቱን እያማረረ ተንበረከከና የወጥ ቤት ጠረጴዛዋን እግሮች ራሱ፣ አንድ በአንድ፣ አረንጓዴ ቀባቸው። በርጩማዋንም ቀባ። መርቪን ከኋላው ቆሞ «እዚህ ጋ ዘለልክ» ይለዋል።

«ኮይሉን ደግሞ...» ሲል መርቪን በተስፋ ጀመረ።

«ብሩሽህ ከኮይሌ አንድ ሜትር ቢቀርብ መብረቁን እለቅብሃለሁ» አለች ግሌኒስ።

ከዚያ ሻይ ተቀዳ። እግሯ ዝሎ ነበር፤ ሦስት ቀን ቆማ ነው የሰነበተችው። ስታቭሮስ «አልደረቀም!» እያለ ሲጮህ እየሰማችው በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ሱሪዋ ላይ ቀለሙን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ሰኞም ያንኑ ሱሪ ለብሳ መጣች።